ላቲሜሪያ ቻሉምኔ፦ የአንድ ዓሣ ስምና ስሙን ያወጡለት ሰው

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ክልል ውጭ የኖረ፣ ነገር ግን ለሙያችን ትምህርት የሚሆን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙ አላመነታሁም። የመረጥኩት የድልድይ ነዳፊ ወይም የግድብ ሠሪ አይደለም። በኬሚስትሪ ሠልጥነው በዓሣ ጥናት የታወቁትን ደቡብ አፍሪቃዊ፣ ፕሮፌሰር ጄምስ ሊዮናርድ ብራይርሊ ስሚዝን ነው። ሰውየው ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ብዙ መጻሕፍትና እጅግ ብዙ ጥናቶች ትተው ቢያልፉም፣ ከሥራቸው ሁሉ በዓለም ዘንድ ጎልቶ የሚታወቀው ሁለት ቃላት ብቻ ያሉት አንድ ስም ነው። ይኸውም ላቲሜሪያ ቻሉምኔ የተባለው የጥልቅ ባሕር ዓሣ ሳይንሳዊ ስም ነው።

ይህ ስም እንዴት እንደ ተገኘ፣ ትርጉሙ ምን እንደ ሆነና ስሙን ያወጡለት ሰው ምን ያህል ነገር ለአደጋ አጋልጠው እንዳወጡት መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ከኬሚስትሪ ወደ ዓሣ

ስሚዝ በ1897 ግራፍ-ራይኔት በምትባል የደቡብ አፍሪቃ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ የምትገኘው ካሩ በተባለው ደረቅ ምድር ውስጥ ስለ ሆነ፣ የባሕርን ምሥጢር ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሰው የተወለዱት ከባሕር ርቀው ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ገና በልጅነታቸው በመንጠቆ ዓሣ የማጥመድ ፍቅር አደረባቸው፤ ይህም ፍቅር እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም።

በትምህርታቸው ጎበዝ ስለ ነበሩ ኬሚስትሪን መርጠው በአገራቸው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ አገኙ። በመካከሉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ከዘመተው ጦር ጋር ሄዱ። በዚያም ወባና ሌላም በሽታ ይዟቸው ለሞት ከተቃረቡ በኋላ ተመለሱ። በዚያ ዘመቻ የተጎዳው ጤናቸው ዕድሜ ልካቸውን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በ1922 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በግራሃምስታውን በሚገኘው በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህር ሆኑ። ከተማዋ ከ2018 ወዲህ ማካንዳ ተብላለች።

በሥራ ቀን ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፣ ለተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጃሉ። የዕረፍት ጊዜያቸውን ግን ለዓሣ ሰጡ። በመንጠቆ የሚያወጡትን ዓሣ ስሙን ለማወቅ ሲፈልጉ፣ የአካባቢው ዓሦች ገና በሚገባ ያልተጠኑ መሆናቸውን ተረዱ። ስለዚህ ለመጠየቅ መምህር አላገኙምና ራሳቸው መምህር ለመሆን ተነሡ። የኬሚስት እጅና ዓይን ረዳቸው፤ የክንፎቹን ዘንጎች ይቆጥራሉ፣ የቅርፊቱን ረድፍ ይቆጥራሉ፣ ጥርሱን ይለካሉ፣ ሁሉንም ይመዘግባሉ። የሚያውቁት ነገር እየበዛ ሲሄድ በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ትናንሽ ሙዚየሞች ያልታወቀ ዓሣ ሲገጥማቸው ወደ እሳቸው መላክ ጀመሩ። ከነዚህም አንዱ ኢስት ለንደን በተባለችው የወደብ ከተማ የሚገኘው ሙዚየም ነበር።

ወይዘሪት ማርጆሪ ኮርትኔ-ላቲመር

የኢስት ለንደን ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ወይዘሪት ማርጆሪ ኮርትኔ-ላቲመር በ1907 የተወለዱ ሲሆን፣ በሙዚየሙ ሥራ የጀመሩት በ1931 ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበራቸውም። ለነርስነት ሊማሩ አስበው ሳለ ነው የሙዚየሙ ሥራ የተገኘላቸው። ነገር ግን አእዋፍን፣ አበባንና የባሕር ፍጥረትን ከልጅነታቸው ጀምረው በፍቅር የተመለከቱ ሰው ስለ ነበሩ፣ ባዶ ለመባል ጥቂት የቀረውን ሙዚየም በራሳቸው ጥረት ይሞሉት ጀመር። ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ተስማምተው፣ መርከብ ወደብ በገባ ቁጥር እየተጠሩ እንግዳ የሆነውን እንስሳ ይመርጡ ነበር።

ከፈረንጆች የገና በዓል ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1938፣ በካፒቴን ሄንድሪክ ጉሰን የሚመራው ኔሪን የተባለ መረብ ጎታች መርከብ ወደብ ደረሰ። መረቡ የተጎተተው ከቻሉምና ወንዝ አፍ ፊት ለፊት፣ ወደ 70 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ ነበር። ወይዘሪት ላቲመር ለመርከበኞቹ መልካም በዓል ለመመኘት ያህል ሄደው፣ በዓሣው ክምር መካከል አንድ ሰማያዊ ክንፍ አዩ። ክምሩን ገለጥ ሲያደርጉት ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 57 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል የሚሆን፣ ብርማ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ዓሣ ወጣ። ቅርፊቱ እንደ ጥሩር ጠንካራ ነው። ክንፎቹም እንደ ሌላው ዓሣ ከገላው ላይ በቀጥታ የወጡ ሳይሆኑ፣ እንደ አጭር ክንድ ባለ ሥጋማ ግንድ ላይ የተተከሉ ናቸው።

ወይዘሪቷ ይህን የመሰለ ዓሣ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም። በታክሲ አስጭነው ወደ ሙዚየሙ ወሰዱት፤ ባለ ታክሲው ሽታውን ፈርቶ እንዳንገራገረ ይነገራል። ጊዜው በደቡቡ የምድር ክፍል በጋ ስለ ነበር ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ዓሣው እንዳይበላሽ የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ፈልገው ከከተማው ቢጠይቁ ፈቃደኛ አጡ። በመጨረሻም በፎርማሊን በተነከረ ጋዜጣና ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንስሳ ገፎ ቆዳውን እየሞላ ለዕይታ ከሚያዘጋጅ ባለሙያ ዘንድ አኖሩት። በማግሥቱ የዓሣውን መልክ በእጃቸው ነድፈው፣ መግለጫ ጨምረው፣ ወደ ስሚዝ ደብዳቤ ጻፉ።

የተጣለው የሆድ ዕቃ

ስሚዝ በዚያን ጊዜ ለዕረፍት ክናይዝና በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ስለ ነበሩ ደብዳቤው የደረሳቸው ጥር 3 ቀን 1939 ነው። ንድፉን ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ነገሩ ግራ አጋባቸው። ቀጥሎም ከብዙ ዓመት በፊት በመጽሐፍ ያዩት የቅሪተ አካል ሥዕል ትዝ አላቸው። በንድፉ ላይ ያለው ዓሣ ሲላካንት ከተባለው ጥንታዊ ነገድ የሆነ ይመስላል። ይሁን እንጂ ያ ነገድ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ታላላቆቹ ዳይኖሶሮች በጠፉበት ዘመን፣ አብሮ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ በሳይንስ ዓለም ታምኖ የተዘጋ ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው የዓለት ንጣፍ ውስጥ አንድም ቅሪቱ አልተገኘምና።

ወዲያውኑ አጥንቱና ስንጥቡ እንዲጠበቅ አጥብቀው በቴሌግራም አሳሰቡ። ነገር ግን ቴሌግራሙ ዘግይቷል። ዓሣው እየተበላሸ ስለ ሄደ ባለሙያው ቆዳውን ገፎ፣ የሆድ ዕቃውንና የውስጥ አካሉን አብዛኛውን አስወግዶታል። ከቆሻሻ ውስጥ ለማግኘት ቢፈለግም አልተገኘም። በዚያ ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ ፊልሙ ተበላሸ። እንግዲህ ለሳይንስ የቀረው ቆዳው፣ የራስ ቅሉ፣ ጥቂት አጥንትና የወይዘሪቷ ንድፍ ብቻ ሆነ።

ይህን የታሪኩን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር አንድ የራሴ ነገር ይታወሰኛል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ ላይ ከከርሰ ምድር በቁፋሮ የወጣው የአፈርና የድንጋይ ናሙና በሳጥን ተደርድሮ ተቀምጦ ነበር። ለሲሚንቶ ማስቀመጫ ቦታ ጠበበ ተባለና ሳጥኖቹ ተደፉ። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ስለ ነበርኩ አልተናገርኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ በሕንፃው አንድ ማዕዘን መሠረቱ ሲሰምጥ ሁላችንም ስለ አፈሩ ጠባይ እንከራከር ጀመር። ማስረጃው ግን ከግንባታው ፍርስራሽ ጋር ሄዷል። ስለዚህ የኢስት ለንደኑን ባለሙያ ለመውቀስ አልደፍርም፤ የሚጣለው ነገር ዋጋው የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ከተጣለ በኋላ ነውና። ወይዘሪት ላቲመር ግን የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ሌላው ቢጠፋ ንድፋቸው ቀርቷል፤ ያ ንድፍ ባይኖር ኖሮ ታሪኩ በሙሉ በዚያው በቀረ ነበር።

ስሙና ትርጉሙ

ስሚዝ ወዲያው ወደ ጋዜጣ አልሮጡም። ስለ ቅሪተ አካል ዓሦች የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ ከኬፕታውን አስመጥተው አነበቡ፣ ከወይዘሪቷ ጋር ደብዳቤ ተለዋወጡ፣ የተላከላቸውን ቅርፊት መረመሩ። የነበረባቸው ጭንቀት ቀላል አልነበረም። እሳቸው በትንሽ ኮሌጅ የሚያስተምሩ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ከለንደንና ከፓሪስ ታላላቅ ሙዚየሞች እጅግ ርቀው ይኖራሉ፤ በዓሣ ጥናትም ዲግሪ የላቸውም። ከሚሊዮኖች ዓመት በፊት የጠፋ ፍጥረት በሕይወት ተገኘ ብለው ቢሳሳቱ፣ መሳለቂያ ሆነው የሚቀሩት በአንዱ ሙያ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ነው። በመጨረሻ የካቲት 16 ቀን 1939 ኢስት ለንደን ደርሰው ዓሣውን በዓይናቸው ባዩ ጊዜ ግን ጥርጣሬው ሁሉ ተወገደ። ጠንካራው ቅርፊት፣ በሥጋማ ግንድ ላይ የተተከሉት ክንፎች፣ በጫፉ ሌላ ትንሽ ጭራ ያለው ጭራ፣ ሁሉም የሲላካንት ምልክት ነበር። መጋቢት 18 ቀን 1939 ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ላይ ግኝቱን ከነስሙ አሳወቁ።

ስሙን ለመረዳት ስለ ሥርዓቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አወጣጥ መነሻው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ስም አለው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን ስም እናስከትላለን፤ በሊኔየስ ሥርዓት ግን ቀድሞ የሚጠራው ወገኑ ነው፣ የራሱ የዝርያው መጠሪያ ከኋላ ይከተላል። ቋንቋው ላቲን ወይም የላቲን ቅርጽ የለበሰ ሌላ ቃል ነው።

ሲላካንት የሚለው የነገዱ ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ ትርጉሙ ባዶ እሾህ ወይም ውስጡ ክፍት የሆነ እሾህ ማለት ነው። ስሙን በ1839 ያወጣው ስዊስ ተወላጁ ሉዊ አጋሲ ነው፤ በዓለት ውስጥ ባገኘው የጭራ ክንፍ ላይ ያሉት ዘንጎች ውስጣቸው ክፍት ሆኖ ስለ ታየው ነው። ይህ እንግዲህ የፍጥረቱን አካል የሚገልጽ ስም ነው።

ስሚዝ ግን የተከተሉት ሌላ መንገድ ነው። ለወገኑ ላቲሜሪያ የሚለውን ስም ሲሰጡ የወይዘሪት ላቲመርን ስም ወስደው በላቲን የሴት ቃል መድረሻ አሰሩት። ለዝርያው ቻሉምኔ ሲሉት ደግሞ ቻሉምና የሚለውን የወንዝ ስም ወስደው በመጨረሻው ላይ የባለቤትነት ምልክት ጨመሩበት፤ በአማርኛ ከፊት የ የምንለው በላቲን ከኋላ ይመጣል። ስለዚህ ስሙ በሙሉ ሲተረጎም የቻሉምና ላቲመር እንደ ማለት ነው። ከክምር ውስጥ የለየችው ሰው ማን እንደ ነበረችና ዓሣው ከየት እንደ ወጣ ይናገራል፤ ከዚህ ሌላ የሚናገረው የለም። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጡ የ31 ዓመት ወይዘሪት፣ ዓሣው እንዳይጣል ብቻቸውን ስለ ተከራከሩ፣ ስማቸው በዚያ ዘመን ታላቅ ከተባሉት ግኝቶች በአንዱ ላይ ተጻፈ። የካፒቴን ጉሰን ስም አልገባበትም፤ የመርከባቸው መረብ የተጎተተበት ውኃ ግን ገብቷል።

የወንዙም ስም የራሱ ታሪክ አለው። ቻሉምና የሚለው አጠራር የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የኮሳ ሕዝቦች የሚጠሩበትን ስም እንግሊዞች በራሳቸው አፍ የለወጡት ነው። ዛሬ ወንዙ በካርታ ላይ የሚጻፈው በቀድሞው የኮሳ ስም አጻጻፍ ነው። የዓሣው ስም ግን እንደ ተጻፈ ይኖራል፤ አንድ ጊዜ በሥርዓቱ የታተመ ሳይንሳዊ ስም ካርታው ስለ ተለወጠ አይለወጥምና።

ዐሥራ አራት ዓመት ፍለጋ

ዓሣው ስም ቢያገኝም ስሚዝ ዕረፍት አላገኙም። የሆድ ዕቃው ባለመኖሩ ልቡ፣ ሳንባው፣ አንጎሉ እንዴት እንደ ተሠራ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ዓሣ ማግኘት የሕይወታቸው ዓላማ ሆነ። በ1938 ያገቧቸው ባለቤታቸው ማርጋሬት ስሚዝ የሥራ ባልደረባቸው ሆነው የዓሦቹን ሥዕል መሣል ተማሩ። በ1946 ስሚዝ ኬሚስትሪን ትተው ፈጽመው ወደ ዓሣ ጥናት ዞሩ። በ1949 ስለ ደቡባዊ አፍሪቃ የባሕር ዓሦች የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ታተመ፤ ይህም በዓሣ አጥማጆችም በሊቃውንትም ዘንድ ተወዳጅ ሆነ።

ባልና ሚስቱ በሞዛምቢክ፣ በዛንዚባርና በኬንያ ዳርቻዎች እየተዘዋወሩ ዓሣ ሰበሰቡ። የዓሣውን ሥዕል የያዘ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጊዝ የተጻፈ ወረቀት አሳትመው በየወደቡ አሠራጩ፤ ዓሣውን ላገኘ ሰው 100 ፓውንድ ሽልማት ተስፋ ሰጡ። ይህ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ብዙ ሀብት ነበር። ከወረቀቱ ጥቂቱን በዛንዚባርና በኮሞሮ ደሴቶች መካከል በመርከብ ይነግዱ ለነበሩት ለካፒቴን ኤሪክ ሃንት ሰጧቸው።

በታኅሣሥ ወር 1952 አንዥዋን በተባለችው የኮሞሮ ደሴት አሃማዲ አብዳላ የተባለ ዓሣ አጥማጅ አንድ ትልቅ ዓሣ አወጣ። ለገበያ ሊቆራረጥ ሲል ወረቀቱን ያየ የመንደር አስተማሪ አስቆመው። ዓሣው በሰው ትከሻ ተራራ ተሻግሮ ካፒቴን ሃንት ወዳሉበት ወደብ ደረሰ። ሃንትም ቀድሞ በጨው፣ በኋላም በፎርማሊን ጠብቀው ለስሚዝ ቴሌግራም ላኩ። መልእክቱ የደረሳቸው ታኅሣሥ 24 ቀን ደርባን ወደብ ላይ በመርከብ ውስጥ እንዳሉ ነው።

አሁንም የገና በዓል ነው፤ አሁንም ሙቀት ነው፤ አሁንም ዓሣው ሊበላሽ ነው። መሥሪያ ቤቶች ተዘግተዋል። ደሴቶቹም የፈረንሳይ ግዛት ናቸው። ስሚዝ ያንኳኳቸው በሮች ሁሉ ስላልተከፈቱ፣ በመጨረሻ ለአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዲ. ኤፍ. ማላን በሌሊት ስልክ አስደወሉ። ማላን ከፖለቲካ በፊት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩ ሲሆን፣ ስለ ጥንታዊ ፍጥረትና ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚነገረውን በበጎ የማይመለከቱ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ቢሆንም ጥያቄውን ሰምተው አንድ ዳኮታ የጦር አውሮፕላን እንዲሰጥ አዘዙ። ስሚዝ ታኅሣሥ 29 ቀን ፓማንዚ ላይ አርፈው፣ በሃንት መርከብ ላይ ሳጥኑ ተከፍቶ ዓሣውን ባዩ ጊዜ ተንበርክከው አለቀሱ። የ14 ዓመት ልፋት ነበር።

ዓሣው ለእነርሱ ብርቅ ይሁን እንጂ ለኮሞሮ ሰዎች እንግዳ አልነበረም። ጎምቤሳ ብለው ስም ያወጡለት ከጥንት ጀምሮ ነው። ሥጋው ቅባት ስለሚበዛው ብዙም አይፈለግም። ሻካራውን ቅርፊቱን የብስክሌት ጎማ ከመለጠፋቸው በፊት ላስቲኩን ለማሻከር ይጠቀሙበት እንደ ነበር ይነገራል። ሳይንስ ጠፋ ያለውን ፍጥረት አጥማጁ በየዓመቱ በመንጠቆው ያየው ነበር ማለት ነው፤ ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ ብቻ።

የወደቀው ስም

አሁን ወደ ስሚዝ ስሕተት እመጣለሁ፤ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ስሕተታቸው ተሸፍኖ ሲነገር ትምህርቱ ይጎድላልና። የአንዥዋኑ ዓሣ ፊተኛው የጀርባ ክንፍ አልነበረውም። ስሚዝም ከዚህ ተነሥተው ዓሣው ከላቲሜሪያ የተለየ አዲስ ወገን ነው ብለው ደመደሙ። አውሮፕላኑን ለሰጧቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ምስጋና እንዲሆን ማላኒያ አንዥዋኔ ብለው ሰየሙት። ማላን እንግዲህ በ1948 ሥልጣን ይዘው አፓርታይድ የተባለውን የዘር መድልዎ አገዛዝ ሕግ አድርገው የዘረጉት ሰው ናቸው። ስሚዝ ስሙን ያወጡት ስለ አውሮፕላኑ ውለታ እንጂ ስለ አገዛዙ አልነበረም ቢባልም፣ ስም ከባለቤቱ ሥራ ተነጥሎ አይኖርም።

ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በፈረንሳዊው ሊቅ በዣክ ሚዮ የሚመሩ ተመራማሪዎች ከዚያው ከኮሞሮ ሌሎች ዓሦች አገኙ። የጀርባ ክንፋቸው ሙሉ ነበር። የአንዥዋኑ ዓሣ ክንፉን ያጣው በአደጋ እንጂ በተፈጥሮ እንዳልሆነ ታወቀ። ስም አወጣጡን የሚገዛው ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ፍጥረት ሁለት ስም ከወጣለት ቀድሞ የታተመው ይጸናል። በዚህም ምክንያት ማላኒያ የሚለው ስም ወድቆ በመዛግብት ግርጌ ቀረ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ሲጠፋ የሙዚየም ኃላፊዋ ስም ጸና። ይህ የሆነው በማንም ፍርድ ወይም በፖለቲካ ውሳኔ አይደለም፤ በመለካትና በመቁጠር ነው።

መሐንዲስ እንደ መሆኔ የስሕተቱ ምክንያት በጣም ይገባኛል። በእጅ ያለው ናሙና አንድ ብቻ ሲሆን የናሙናው ጉዳት የዓይነቱ ጠባይ መስሎ ይታያል። ከአንድ የኮንክሪት ናሙና ውጤት ተነሥቶ ስለ ሙሉው ምሰሶ የፈረደ ሁሉ ይህን ስሕተት ሠርቷል። በ1939ም ስሚዝ የነበራቸው ናሙና አንድ፣ እርሱም ጎደሎ ነበር። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ያንን አንድ ናሙና የሚያመሳክሩበት አንድ ሙሉ የቅሪተ አካል ነገድ በመጻሕፍት ውስጥ ነበራቸው፤ በ1952 ግን ለአዲሱ ወገን ምስክር የሆነው የጎደለው ክንፍ ብቻ ነው።

ከዕረፍታቸው በኋላ

ስሚዝ በ1956 ስለዚህ ፍለጋ የጻፉት መጽሐፍ ዓሣውን አሮጌው ባለ አራት እግር ብሎ ይጠራዋል። በሥጋማ ክንፎቹ የባሕሩን ወለል እየረገጠ እንደሚሄድ ገምተው ነበርና። ጥር 1968 በ70 ዓመታቸው አረፉ። ከ300 በላይ ለሚሆኑ የዓሣ ዝርያዎች ስም ያወጡ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ሥራውን አላቋረጡም፤ በግራሃምስታውን በስማቸው የተቋቋመውን የዓሣ ጥናት ተቋም መርተው በ1987 ዐረፉ።

የኋላ ዘመን ጥናት ስለ ዓሣው ብዙ ገለጠ። በ1962 ተይዛ በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቃ የኖረች አንዲት ሴት ዓሣ በ1975 ስትመረመር በሆዷ አምስት ግልገሎች ተገኙ። በዚህም ዓሣው እንቁላል የሚጥል ሳይሆን የሚወልድ መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ አንዱ የተጣለ የሆድ ዕቃ ዓለምን 14 ዓመት ሲያስጠብቅ፣ ሌላው የተጠበቀ የሆድ ዕቃ ከ13 ዓመት በኋላ መልስ ሰጠ። በ1987 ጀርመናዊው ሃንስ ፍሪከ በትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ወደ ጥልቁ ወርደው ዓሣውን በመኖሪያው ፊልም አነሡት። ዓሣው በወለሉ ላይ አይራመድም፤ ክንፎቹን እያፈራረቀ በቀስታ ይዋኛል፣ ቀን በዋሻ ያርፋል። ባለ አራት እግር የሚለው ስም በዚህ ወደቀ። በ2013 የታተመው የዘር ውርስ ጥናትም በየብስ ለምንኖር የጀርባ አጥንት ላለን ፍጥረታት የቅርብ ዘመዱ ሲላካንት ሳይሆን ሳንባ ያለው ዓሣ መሆኑን አሳየ።

በ1997 በኢንዶኔዥያ ማናዶ ገበያ ላይ ሌላ ሲላካንት ታየ። በ1999ም ላቲሜሪያ ሜናዶኤንሲስ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆነ። የሰየሙት ግን መጀመሪያ ያገኙት ሰዎች አልነበሩም፤ ሌሎች ቀድመው ስላሳተሙ ብዙ ቅሬታ ተነሣ። ስሚዝ በ1939 ያደረጉትን ከዚህ ጋር የሚያነጻጽር ሰው የላቲሜሪያን ስም ክብደት ይበልጥ ይረዳል። በ2000 ደግሞ ጠላቂ ዋናተኞች በደቡብ አፍሪቃ ሶድዋና የባሕር ሰላጤ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ሕያዋን ሲላካንቶችን አገኙ። በዚህም የቻሉምናው ዓሣ ከኮሞሮ ተሳስቶ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ተዳከመ። ዓሣው ዛሬ በዓለም ላይ ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በ2021 የታተመ ጥናት ዕድሜው ወደ 100 ዓመት እንደሚደርስና ሴቲቱ አምስት ዓመት ያህል እንደምታረግዝ ስላመለከተ፣ የተገደለውን ለመተካት እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ወይዘሪት ላቲመር እስከ 2004 ኖረው በ97 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1938 ያዳኑት ዓሣ በዚያው በኢስት ለንደን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እኛ በሙያችን ሥራ ላይ ስም እንጽፋለን። በንድፉ ግርጌ የነዳፊው፣ የአጽዳቂው፣ የኃላፊው ስም ይሰፍራል። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የአፈሩ ቀለም ተለውጧል ብሎ የጮኸው ሠራተኛ ወይም ናሙናው አይጣል ብሎ የተከራከረው ጀማሪ ግን አይሰፍርም። ስሚዝ አምስት ዓሣ ለመሰየም የሚበቃ ትዕቢትም ድክመትም የነበራቸው፣ በማላኒያም የተሳሳቱ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ዋናውን ስም ለመስጠት በተቀመጡበት ሰዓት መጀመሪያ ያየው ማን ነው ብለው ራሳቸውን ጠየቁ፤ መልሱንም ሳይሸራርፉ ጻፉት። ስለ ዓሣው አረማመድ የገመቱት ሲፈርስ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ያወጡት ስም ሲወድቅ፣ ማን አየው ከየትስ ወጣ ለሚለው ጥያቄ የጻፉት መልስ እስከ ዛሬ ሳይነካ አለ።